ልቡ የማይቸኩል ሰው

ፊሽካ ጠያቂ ሆና ነው የተፈጠረችው። ፊሽካ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የስፖርት መምህርት ስለሆነችና ፊሽካዋ ከአንገቷ ስለማይወርድ ተማሪዎቿ ያወጡላት ቅጽል ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በልጅነቷ ከእሳቸው ኋላ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ለምን ያለቅሳል? እኚያ ሴትዮ ለምን ሁለት ዣንጥላ ያዙ?» እያለች ተሳፋሪውን ስታሳቅቅ ነው ያደገችው። ካደገችም በኋላ ጠባዩ አልለቀቃትም። ምስጢር ያላቸው ጓደኞቿ እሷ ባለችበት ዓይናቸውን ወደ መሬት ማድረግ ይመርጣሉ፤ ቀና ካሉ ታወጣዋለቻ!

እንዲህ ያለችው ሴት ታዲያ ቃል የሚቆጥብ ሰው ወደደች።

ሰውየውን ሠራተኞቹ ሜትሩ ይሉታል። ወንበርና ጠረጴዛ ይነድፋል፤ የመለኪያ ሜትሩ ከእጁ አይለይም። እናቱ በከተማው የታወቀው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፋብሪካውንም ልጃቸውንም ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት። ትምህርት ቤቱ ለስፖርት አዳራሹ አግዳሚ ወንበር ያዘዘ ጊዜ ሜትሩ ሊለካ መጣ። እሱ ይለካል፣ እሷ እየተከተለች ትጠይቃለች።

«ለምንድነው ከመሬት እንዲህ ከፍ የምታደርገው?»

«ልጆች ተቀምጠው እግራቸውን ማወዛወዝ ይወዳሉ» አላት፣ ቀና ሳይል።

በዚህች መልስ ተያዘች። አንድ ሰው ለማያውቃቸው ልጆች እግር እንዲህ ካሰበ፣ ለሚወዳት ሴት ምን ያስብ ይሆን ብላ ማወቅ አማራት። ወንበሮቹ ተሠርተው ሲመጡ ሻይ ጋበዘችው። ከዚያ ወዲያ ሻዩ ለከት አጣ።

አብረው መዋል ሲጀምሩ ብዙ ነገር ታዘበች። ሜትሩ ጨው አይበላም። እንቁላል ያለ ጨው ሲያዝ አስተናጋጇ ሁለቴ ነው የምትጠይቀው። እሷ ከጠጣችበት ብርጭቆ አይጠጣም፣ እሷም ከእሱ እንድትጠጣ አይፈቅድም። ራሴን አመመኝ ባለ ጊዜ ከቦርሳዋ ማስታገሻ ብታወጣለት መርዝ ያቀበለችው ይመስል እጁን ሰበሰበ። ደግሞ በየጊዜው አንድ ቀን ሙሉ ይጠፋል፤ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ድምፁ ሻክሮ ነው። የት ነበርክ ስትለው «ሥራ ነበረኝ» ይላል። ፊሽካ ያላሰበችው ነገር የለም። ሌላ ሴት አለችው አለች። ሌላ ከተማ ልጅ ይኖረዋል አለች። አንድ ሰሞን እንዲያውም፣ ድምፁ የሚሻክረው በድብቅ ስለሚዘፍን መስሏት ነበር።

ወይዘሮዋ እናቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደዷትም። በፋብሪካው የመሸጫ ሱቅ ውስጥ ሲያገኟት ከሸራ ጫማዋ ጀምረው ወደ ላይ አዩዋት።

«የስፖርት አስተማሪ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አባትሽስ?»

«ሹፌር ናቸው።»

«ጥሩ ነው» አሉ። ጥሩ እንዳልሆነ ግን ፊታቸው ላይ ተጽፏል። «ልጄ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። ጊዜሽን እንዳያባክንብሽ ብዬ ነው።»

ፊሽካ ንግግሩ አናደዳት፤ ይበልጥ ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ውስጥ ያየችው ንቀት ብቻ አልነበረም። ፍርሃትም ነበረበት። ሀብታም ሴት የሹፌርን ልጅ ለምን ትፈራለች? ይህን እያወጣች እያወረደች ቤቷ ገባች።

የጸባቸው ቀን የፋብሪካው ሠራተኞች ለምሳ ወጥተዋል። መጋዙ ቆሟል፤ የእንጨት ብናኝ መስኮቱ ሥር በፀሐይ ይታያል። ሜትሩ አዲስ የነደፈውን ወንበር እያሳያት ነበር። የኋላው መደገፊያ እንደ ሰው ወገብ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል። ፊሽካ ተቀመጠችበት፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠችበት። ከዚያ ሳታስበው፣ ወንበሩን ያደነቀች ያህል ቀለል አድርጋ፣

«እወድሃለሁ» አለችው።

ሜትሩ ዞሮ አያት። አስተያየቱን እስከ ዛሬ አትረሳውም፤ ውኃ የጠማው ሰው ብርጭቆ እያየ እንዳይነካ የተከለከለ ይመስል ነበር። እጁን ያዘችው። የስፖርት አስተማሪ ልማድ ሆኖባት፣ የሰው እጅ ከያዘች ጣቷ ራሱ ሄዶ የደም ትርታውን ያገኘዋል። ዓይኗም ወደ ሰዓቷ ይሄዳል። የእሷ ልብ ደረቷን ሰብሮ ሊወጣ ደርሷል። የእሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚመታው። ይቸኩል እንደሆነ ብላ ጠበቀች። አልቸኮለም።

«ስፖርት ትሠራለህ እንዴ?» አለችው። ሯጮች ልባቸው ዝግ እንደሚል ታውቃለች፤ ሰበብ እየፈለገችለት ነው።

«አልሠራም።»

እሠራለሁ ቢላት ኖሮ፣ ውሸትም ቢሆን ትጽናና ነበር።

«ልብህ እንኳ ትንሽ አልደነገጠልኝም» አለችው። ቀልድ ልታስመስለው ብትሞክርም ድምፅዋ ከዳት።

ሜትሩ እጁን አስለቅቆ ኪሱ ከተተ። ፊሽካ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሰው አፉ ቢዋሽ ልቡ አይዋሽም ብላ ታምናለች፤ ሥራዋም ይሄው ነው፣ ልብ መቁጠር። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አላለቀሰችም። ፌርማታው ላይ ግን ሰው አላፈረችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አባቷ ሳይቀሩ ግራ ተጋቡ። «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሏት አንድ ቀን እራት ላይ። «መጠየቅ ካቆምሽ ሰነበትሽ። ቤቱ ጭር አለ እኮ።» ምን ትበላቸው? የምትወደው ሰው እንደማይወዳት በጣቷ ቆጥራ ደርሳበታለች።

ያን ሰሞን መጨረሻ ላይ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኩል ብጣሽ ወረቀት ደረሳት። የንድፍ ወረቀት ነው፤ ጥግ ላይ የወንበር እግር ተስሎበታል። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ነይ። ሰዓትሽን እሰሪ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

አልሄድም አለች። ሐሙስ ደግሞ ሄደች። ምን ሊያሳያት እንደፈለገ ሳታውቅ ብትቀር እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማይኖራት ገብቷታል።

ሜትሩ ሱቁ መጨረሻ ላይ ካለው የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። የለበሰው ሸሚዝ አዲስ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ፈገግ ብሏል፣ እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ምንም ሳይላት እጁን ዘረጋ።

«ቁጠሪ» አላት።

ፊሽካ ጣቷን አሳረፈች። ደነገጠች። ይጋልባል! ሰዓቷን ማየት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ያ ዝግተኛ ልብ ከጣቷ ሥር ፈርጥጦ ሊያመልጥ የፈለገ ይመስላል። ደስታ ከእግር ጥፍሯ እስከ ፀጉሯ ወረራት። «አየሽ?» አላት። «አየሽ አይደል?»

«አየሁ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

አስተማሪነቷ ግን ከሴትነቷ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ደረሰ። ትርታው ፈጣን ነው፣ ግን ቀጭን ነው። እጁ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ፍቅር ልብን ያስሮጣል እንጂ እጅን እንዲህ አያቀዘቅዝም። «ሜትሩ፣ ደህና ነህ?» ብላ ሳትጨርስ፣ «ይቅርታ» አለ፣ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ ዞረና በዚያ በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ደም አስታወከ። ትንሽ ደም አይደለም። ጠረጴዛውን አልብሶ ወደ ምንጣፉ ወረደ።

በጎኑ አስተኛችው። ራሱን ደግፋ አፉ ውስጥ ያለው ወደ ውጭ እንዲፈስ አደረገች። አምቡላንስ ጥሩ ብላ ስትጮኽ ድምፅዋ ከማንኛውም ፊሽካ በላይ ነበር። እናቱ ከላይ ከቢሯቸው እየሮጡ ወረዱ፤ ደሙን አይተው ግን ምንድነው ብለው አልጠየቁም። እያወቁ ነበር የመጡት። ፊሽካ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሀል ይህን ልብ አለች፣ ከድንጋጤውም ይበልጥ ይህ አስፈራት።

ሆስፒታል ሲደርሱ በሩ ተዘጋባት። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ አነጋገሯ እርጋታ ያለው ዶክተር ወጥታ «ቤተሰብ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እናቱ» አሉ ወይዘሮዋ። ፊሽካን በእጃቸው እየጠቆሙ «እሷ ቤተሰብ አይደለችም» ብለው ጨመሩ።

እውነት ነው፣ አይደለችም። ስለዚህ የሰማችው በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያመልጠውን ቁርጥራጭ ነው። ደም ይሰጠው፣ ግን አይብዛ። ደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት በግሉኮሱ ይግባለት። ኢንፌክሽን እንዳይከተለው መርፌ። ካሜራው ይዘጋጅ፣ ላስቲኩ ይዘጋጅ። ምን ላስቲክ? የምን ካሜራ? ከዚያ ደግሞ ጥርት ብሎ የተሰማት የዶክተሯ ድምፅ ነው። «ክኒኑን አቋርጧል እንዴ?» እናቱም «በጭራሽ! ጠዋት ጠዋት ፊቴ ነው የሚውጠው» አሉ።

ሲወጡ ወይዘሮዋ ፊት ለፊቷ ቆሙ። 

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ምንም አላደረግኩትም፣ እትዬ። እጁን ነው የያዝኩት።»

«ሂጂ ቤትሽ። በፈጠረሽ ሂጂልኝ።»

ሄደች። ቱታዋ ላይ የደረቀውን ደም ግን ማጠብ አቃታት። ያ ልብ ለእሷ ነበር የሮጠው ወይስ ደሙ እየፈሰሰ ስለነበር? ይህን ብቻ እየጠየቀች ራሷን ስታደክም አደረች። ክፉ ጥያቄ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ተኝቶ እሷ የፍቅር ሒሳብ ትሠራለች። ግን ጥያቄው መች ትቷት!

በማግስቱ ከክፍለ ጊዜዋ በኋላ ተመልሳ መጣች። ነርሷ በሩ ላይ አገኘቻት።

«አስታማሚ ነሽ?»

«እ… አዎ።»

«እሰይ! እናትየው መድኃኒት ሊገዙ ወጥተዋል። ደሙ ቆሟል፣ ግን አእምሮው ትንሽ ተዛብቷል፤ ግሉኮሱን ሊነቅል ይታገላል። እጁን ይዘሽ ተቀመጪ። የሚለውን ሁሉ ደግሞ ቁም ነገር አትበይው። እንዲህ ጉበት የታመመ ሰው ከደማ በኋላ ያጋጥማል፣ ሆዱ ሲጸዳ ይመለሳል።»

ጉበት። ቃሉን በልቧ ይዛ ገባች።

ሜትሩ ዓይኑን ከፍቶ ተኝቷል። አልጋው አጠገብ አንድ ወረቀት አለ። ነርሷ አእምሮውን ለመፈተን ኮከብ ሣል ብላው ኖሯል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ኮከብ ሊባል አይችልም፣ መስመሮቹ አይገናኙም። የወንበር ወገብ በአንድ መስመር የሚያወጣ እጅ ነው ይህን የሣለው። ፊሽካ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ዞር ብሎ አያት፤ አስተያየቱ የማያውቁትን ሰው በአክብሮት የማየት ነው።

«ሲስተር» አላት።

ልቧ ቁርጥ አለ። «አቤት» አለችው።

«ክኒኑን አሁን እንዳትሰጪኝ።»

«የትኛውን ክኒን?»

«የልቡን» አለ። ምላሱ ይከብደዋል፤ እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ልጅ። «እሱን ከወሰድኩ ልቤ አይሮጥም። አንዲት ልጅ ትመጣለች። ትቆጥራለች። ባለፈው ቆጥራ ከፍቷት ሄደች።»

ፊሽካ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ማን ናት?» አለች፣ በሹክሹክታ። ማወቅ እየፈለገች ማወቅ ፈራች።

«አታውቂያትም። ብዙ ትጠይቃለች» አለና ፈገግ አለ። «እማዬ ፊት ክኒኑን ምላሴ ሥር እይዘዋለሁ። ከዚያ እተፋዋለሁ። ለእማዬ እንዳትነግሪ። ልጅቷ እስክትመጣ ብቻ ነው። ቆጥራ ደስ ይበላት፣ ከዚያ እውጣለሁ። እሺ ሲስተር?»

«እሺ» አለችው። «እሺ፣ የኔ ጌታ።»

በሩ ላይ ዕቃ ወደቀ። ወይዘሮዋ የመድኃኒቱን ከረጢት መሬት ጥለው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ፊሽካ ተነሣች፤ እንዲያባርሯት ጠበቀች፣ ቢያባርሯትም አይከፋትም ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ያቺ ከጫማ ጀምራ ሰው የምትለካ ሴት በአንድ ቀን አርጅታለች።

«ምንድነው ክኒኑ?» አለቻቸው ፊሽካ። «እባክዎ፣ እትዬ። ይንገሩኝ።»

«ደም ሥሩ እንዳይፈነዳ ግፊቱን የሚቀንስ ነው» አሉ። «ልቡን ያቀዘቅዘዋል። ዶክተሯ ሆን ብላ ነው ያቀዘቀዘችው። ፈጥኖ እንዳይመታ፣ እንዳይሞትብኝ።»

ፊሽካ አፏን በእጇ ያዘች። ያ በጣቷ የቆጠረችው፣ ያ ፍቅር የለውም ብላ የፈረደችበት ዝግተኛ ትርታ፣ በሕይወት የሚያቆየው ነገር ነበር። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ልብህ አልደነገጠልኝም ያልኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ምን አውቀሽ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ማን ነገረሽ? እኔ ነኝ ለማንም እንዳትናገር ያልኩት። ከአንቺ በፊት የታጨች ልጅ ነበረች፤ ጉበት ሲባል ሰምታ ቀለበቷን በሹፌር ላከችው። ሰው ጉበት ሲሉት ጠጪ ነው ይላል። ልጄ ጠጥቶ አያውቅም።» እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። «ቫይረሱ ከእኔ ነው የተላለፈበት። ስወልደው። እኔን ምንም ሳያደርገኝ ልጄን በላው። ይሄ ለማን ይነገራል?»

ፊሽካ ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አቀፈቻቸው። እሳቸውም መጀመሪያ ደረቅ ብለው፣ በኋላ ተልፈስፍሰው ትከሻዋ ላይ አለቀሱ። ሜትሩ ከአልጋው ሆኖ «ሲስተር፣ ምን ሆኑ?» ይላል።

ሆዱን እንዲያጸዳ የሚሰጡት ጣፋጭ ሽሮፕ ሥራውን ሠራ፤ እንዴት እንደሠራ ዝርዝሩ ለፍቅር ታሪክ አይሆንም። ብቻ ሜትሩ ሽንት ቤት በተመላለሰ ቁጥር አእምሮው እየጠራ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊሽካ ስትገባ፣ አውቆ አያት። ወዲያው ፊቱ ቀላ።

«ምን ሠራሁ?» አላት። ድምፁ ሻክሯል። አሁን ሻካራነቱ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ በጉሮሮው የሚገባው የካሜራ ቱቦ ነው። ዘፋኝ አልነበረም።

«ለአንዲት ሲስተር ፍቅረኛ እንዳለህ አወራሃት።»

«ለየትኛዋ?»

«ለእኔ።»

ሊስቅ ሞክሮ ጉሮሮውን አመመው። በዚህ መሀል ዶክተሯ ገባች፣ እናቱም ተከትለዋት። ዶክተሯ ፊሽካን አይታ ወደ ሜትሩ ዞረች። እሱ ገባው። «ትስማ» አለ። «ሁሉንም ትስማ።»

«ሰገራህ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አልነበረም? የደም መፍሰስ ምልክት ነው እኮ» አለችው ዶክተሯ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ነበር» አለ። «ሐሙስ ይለፍ ብዬ ነው።»

ዶክተሯ ብዙ በሽተኛ አይታለች፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን የሰማች አይመስልም። ከዚያ ፊሽካ ጀመረች። ደሙ ለምን በአፉ ወጣ? ጉበቱ በጠባሳ ደድሮ አላሳልፍ ስላለው፣ በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይሄዳል፤ እነሱ ለዚያ ስላልተሠሩ አብጠው ይፈነዳሉ። ላስቲኩስ? ያበጡትን እያነቀ ያደርቃቸዋል፤ እስኪጠፉ በየጊዜው ይደገማል። ጨውስ? ሆዱ ውኃ እንዳይቋጥር። ማስታገሻውስ? የሚያደማ ስላለ፣ ሳይጠየቅ አይወሰድም።

«ከእሱ ጋር አንድ ሳህን መብላት ይቻላል? በአንድ ብርጭቆ መጠጣትስ?»

«ይቻላል። በምግብ አይተላለፍም።»

«መሳምስ?»

ሜትሩ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። ዶክተሯ ፈገግ አለች። «መሳም ይቻላል። ለትዳር ደግሞ ተመርምረሽ ክትባት ትወስጃለሽ፤ ጥሩ ክትባት አለው።»

 ከዚያ ከበሩ አጠገብ በጣም ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ፋብሪካ ሙሉ ሰው የሚያዘው ድምፅ ነው እንዲህ ያነሰው።

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮዋ። «የልጅ ልጆቼን… የሴቷ ልጄን ልጆች መሳም እችላለሁ?»

ዶክተሯ ዞር ብላ አየቻቸው። «እስከ ዛሬ አልሳሟቸውም?»

ወይዘሮዋ ለዓመታት ለብቻቸው በተቀመጠ ሳህን በልተዋል፣ በተለየ ብርጭቆ ጠጥተዋል፣ የልጅ ልጆቻቸውን በሩቁ ነው ያሳደጉት። ልጃቸውንም ይህንኑ አስተምረውታል። ፈርተው አንድም ቀን ሐኪም አልጠየቁም። «ይሳሟቸው» አለቻቸው ዶክተሯ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ልጆቹ ክትባታቸውን ይውሰዱ፣ እርስዎ ደግሞ ይሳሟቸው።» ወይዘሮዋ ስልካቸውን ከቦርሳቸው እየፈለጉ ወጡ። ዶክተሯም ተከተለቻቸው። ከኮሪደሩ የእናትየው ልቅሶና «ልጆቹን አምጪልኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሜትሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሂጂ» አላት።

«ምን አልክ?»

«ሰማሽ አይደል? ላስቲኩ ይደገማል። ሆዴ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ያየሽው መዘባረቅም ሊመለስ ይችላል። የሚቀየር ጉበት ይገኝ አይገኝ ማንም አያውቅም። ከዚህ ሁሉ ምን ልታገኚ ነው?»

«እንጃ» አለችው። «እሱን ለማየት ነው የምቀመጠው።»

«እውነቴን ነው።»

«እኔም እውነቴን ነው። ካንተ ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ማወቅ እፈልጋለሁ። ክፉውንም ቢሆን። ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም።»

ሜትሩ ዞሮ አያት። ረጅም አስተያየት ነው፤ አሁን ግን ክልከላው የለበትም። «አንቺስ» አላት፣ «ምን ትፈሪያለሽ?»

ፊሽካ ደነገጠች። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ራሷ አንድም ነገር ጠይቋት አያውቅም ነበር። ሰው ከጠየቀ ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ ሊመልሰው የማይችል ነገር ነበረው፤ ምክንያቱ አሁን ነው የገባት። መልስ ፈለገች። ደሙን ልትል ነበር፤ የምትፈራው ግን ደሙን አልነበረም።

«ያኔ ሲስተር ያልከኝ ጊዜ» አለች። «እኔ መሆኔን አላወቅክም። አንድ ቀን እንደዚያ ሆነህ ሳትመለስ ብትቀርስ? ፊትህ ተቀምጬ ባታውቀኝስ?»

ሜትሩ የማያውቀውን ነገር አይሆንም ብሎ አያጽናናም፤ ልክ ሳይወስድ የማይቆርጥ ሰው ነው።

«ምን ነበር ያልኩሽ?» አላት በመጨረሻ። «ያን ዕለት።»

«አንዲት ልጅ ትመጣለች አልከኝ። እስክትመጣ ክኒኑን አትስጪኝ አልክ። ብዙ ትጠይቃለች አልክ።»

ይህን ስትናገር ራሷ ሰማችው። ያን ዕለት ፊቷን ረስቶት ነበር። ግን ፊቷን ረስቶ ሳለ የሚጠብቀው እሷን ነበር፤ ለማያውቃት ነርስ ሲያወራ የዋለው ስለ እሷ ነበር። ሱቁ ውስጥ ልቡ ለምን እንደሮጠ ስትጠይቅ የሰነበተችው ጥያቄ ካፏ ሳይወጣ መልስ አገኘ። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ ተወችው።

«ሂጂ ያልኩሽን ተዪው» አላት ሜትሩ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ። «የትም አትሂጂብኝ።»

 ፊሽካ እጁን ያዘችው፤ ትርታውን ግን አልቆጠረችም።